መጀመሪያ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ጂኢዲ፣ ከዚያ ኮሌጅ? ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ሲያትል አካባቢ ነው የምኖረው። 34 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት በእሱ ነው የመጣሁት፣ ግሪን ካርድ አለኝ። አገር ቤት 9ኛ ክፍል ጨርሼ 10ኛን እንደጀመርኩ አቋረጥኩ። እዚህ የሆም ኬር ኤይድ (የቤት ውስጥ ተንከባካቢ) ሰርተፍኬት አውጥቼ ማታ ማታ አዳልት ፋሚሊ ሆም (አረጋውያንና ሕመምተኞች የሚጦሩበት መኖሪያ ቤት) እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምኞቴ ነርስ መሆን ነው። ሁለት ዓመት ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) ተምሬ አሁንም ሌቨል 4 ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ ‹መጀመሪያ እንግሊዝኛሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን ፈተና) ውሰጂ፣ ከዚያ ኮሌጅ ግቢ› ይለኛል። አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በ350 ዶላር፣ በሁለት ሳምንት ዲፕሎማ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አገኘችልኝ። እሱን ልውሰድ ወይስ ጂኢዲውን ልግፋበት? ዕድሜዬስ አልሄደም ወይ?»

ምላሽ፦ 350 ዶላሩን አትክፈይ። ከዚህ የምጀምረው ሌላው ሁሉ ጊዜ ስለሚሰጥ ነው፤ ይሄ ግን ዛሬ ማታ ካርድሽን አውጥተሽ የምትጨርሺው ነገር ነው። ሳያስተምር፣ ትራንስክሪፕት ሳይጠይቅ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ በመለስሽው የምርጫ ጥያቄ ብቻ ዲፕሎማ የሚልክ ድርጅት ትምህርት ቤት ሳይሆን ማተሚያ ቤት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ሻጮችን ከስሷል። የኮሌጅ ሬጅስትራር ወረቀቱን አይቀበለውም። በዚያ ወረቀት ተማምነሽ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ «ሃይስኩል ጨርሻለሁ» ብለሽ ከሞላሽ ደግሞ ጣጣው ከ350 ዶላር በላይ ነው፤ ለመንግሥት ሐሰት ጽፈሻል። ጂኢዲም ቢሆን ከራሱ ከጂኢዲ ድረ ገጽ ውጭ በኢንተርኔት አይገኝም። ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል። ግን በዚያው ድረ ገጽ በኩል፣ በካሜራ የሚከታተልሽ ሰው እያለ፣ የልምምድ ፈተናው ላይ አረንጓዴ ውጤት ካመጣሽ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚነግርሽ ቅደም ተከተል ክፋት የለበትም፤ ያረጀ ነው እንጂ። እኛ አገር ትምህርት መሰላል ነው፣ 8ኛን ሳትጨርስ 9ኛ የለም። ስለዚህ እዚህም «እንግሊዝኛ የሚባል ክፍል» ተጨርሶ የሚወጣበት ይመስለናል። የአሜሪካ የጎልማሶች ትምህርት ራሱ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የተሠራው። ውጤቱ ምን ነበር? በ2005 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የታተመ፣ ያንቺኑ ዋሺንግተን ስቴት ኮሌጆች ተማሪዎች ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ከኢኤስኤል ከጀመሩት ውስጥ ኮሌጅ ደርሰው ትንሽም ቢሆን ክሬዲት ያገኙት 13 በመቶ ነበሩ። ከጎልማሶች መሠረታዊ ትምህርት ወይም ከጂኢዲ ክፍል ከጀመሩት ደግሞ 30 በመቶ። የአንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያህል፣ ማለትም 45 ክሬዲት የሞሉ ወይም ሰርተፍኬት የያዙ ከሁለቱም ወገን ከ4 እስከ 6 በመቶ ብቻ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሺፍት ይቀየራል። ልጅ ይወለዳል። የቤት ኪራይ ይጨምርና ከሬኒየር ቢች ወደ ኬንት ይኬዳል። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው በሚታለፍበት በር ሁሉ ሰው ይንጠባጠባል። በሮቹ በበዙ ቁጥር የሚደርሰው ያንሳል። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ከኢኤስኤል ጀምረው አንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ጨርሰው ሰርተፍኬት የያዙ ሰዎች፣ 10 ክሬዲት እንኳ ካልሞሉት ሰዎች ይልቅ በአማካይ በዓመት 7,000 ዶላር የበለጠ ያገኙ ነበር። ደሞዝ የሚለወጠው እዚያ ጋ ሲደረስ ነው። ኢኤስኤል ብቻ ተምሮ መቅረት ደሞዝ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ይሄን የምልሽ ኢኤስኤልን ለማጣጣል አይደለም፤ ልጆችሽ ትምህርት ቤት ሄደሽ አስተማሪ ለማነጋገር ያስፈልግሻል። ለነርስነት ግን ብቻውን አያደርስሽም።

ከዚህ ችግር በመነሳት ዋሺንግተን ከ2004 ጀምሮ አይቤስት የሚባል አሠራር አመጣች። ስሙ ረጅም ነው፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ ይገባል። አንዷ ሙያውን ታስተምራለች፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ወይም ሒሳቡን። ቢያንስ ግማሹን የክፍል ጊዜ አብረው ናቸው። ተማሪው እንግሊዝኛ እስኪጨርስ አይጠብቅም፣ የሙያውን ክሬዲት እየያዘ ነው የሚማረው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተማሪዎቹ አንዱ ሌላውን እንደ ታማሚ እያስተኙ ደም ግፊት ይለካሉ፣ ከዚያ ለአስተማሪዋ ሪፖርት ያደርጋሉ። አንዷ እህታችን ተነስታ «ኸር ሄድ ኢዝ ተርኒንግ» አለች። ነርሷ አስተማሪ ግራ ገባትና ወደየት ነው የዞረችው ብላ ጠየቀች። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ «ራሷን አዞራት» ማለቷ ነው። የቋንቋው አስተማሪ አማርኛ አያውቅም፣ ግን ምልክቱን አሳይታው ተረዳና ሰሌዳው ላይ «ዲዚ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ እንድትጽፈው ጠየቃት። «ዛሬ አሟታል» ብላ ጻፈች። «ከአንቺ ቀጥላ የምትገባው ነርስ ይሄን አንብባ ምን ታደርጋለች?» አላት። ምን አየሽ፣ ምን አለችሽ፣ ስንት ለካሽ? ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሰዓቱን፣ የደም ግፊቱን ቁጥር፣ «አዞረኝ አለች»ን እና «ቁርሷን ግማሹን በላች»ን በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈችው። ይቺ ተማሪ ያን ቀን የተማረችውን እንግሊዝኛ መቼም አትረሳውም። የኢኤስኤል ክፍል ውስጥ «በአትክልት ቦታው ያሉት አበቦች» ስትል ብትውል ግን…

ለዚህ ነው ሌቨል 4 ላይ ቆምኩ ስትዪ ብዙ የማልደነግጠው። የምትፈተኚው ካሳስ፣ ወድቀሻል አልፈሻል የሚል ፈተና አይደለም፤ የት ክፍል ትግቢ የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ነጥቡ ለጥቂት ሲቀርሽ ያንኑ ሌቨል ይደግሙሻል። ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ጠዋት በዚያ ዓይን የምትፈተኚው የማንበብ ፈተና የምታውቂውን ሁሉ አያሳይም። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ስምንት ሰዓት መድኃኒት፣ አልጋ፣ ዊልቸር፣ ሪፖርት ስትዪ ነው የምታድሪው። ባዮሎጂንም 9ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው የተማርሽው። ይሄ ሁሉ የሚቆጠርልሽ ሙያ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ኮሌጆች አይቤስት ለመግባት መካከለኛ የንባብ ደረጃ ይጠይቃሉ፣ ከሌቨል 4 የሚጀምሩም ከዚያ ከፍ ያለ የሚጠይቁም አሉ። ሲያትል ሴንትራል፣ ሃይላይን፣ ሬንተን ቴክኒካል ለአንቺ ቅርብ ናቸው። አንዱ «ገና ነሽ» ቢልሽ ሌላውን ሳትጠይቂ አትመለሺ። እንደ ኮሌጁ ይለያያል።

ዲፕሎማውስ? እዚህ ጋ ጓደኞችሽ ያልነገሩሽ ነገር አለ። ጂኢዲ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ዋሺንግተን ውስጥ 18 ዓመት የሞላው ሰው በኮሚኒቲ ኮሌጅ በኩል ሃይስኩል ፕላስ በሚባል ፕሮግራም እውነተኛ የስቴቱን የሃይስኩል ዲፕሎማ ማግኘት ይችላል። የምትፈተኚው ትልቅ ፈተና የለም። የጎደለሽን ትምህርት ነው የምትሞዪው። ከውጭ አገር የመጣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ ስልጠና እየታየ ክሬዲት ይሰጣል። የአንቺ 9ኛ ክፍል ሙሉ ዓመት ነው፣ ዜሮ አይደለም። የአይቤስቱም ክሬዲት ወደዚሁ ሊገባልሽ ይችላል። ክፍያውም ለዓመታት በኳርተር (በሩብ ዓመት የትምህርት ወቅት) 25 ዶላር ሆኖ የቆየ ነው፣ መክፈል ለማይችልም ይነሳል። የዋሺንግተንን ታሪክ መማርሽ አይቀርም፤ ያ የስቴቱ ግዴታ ነው።

ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ተጠንቀቂ። 9ኛን የጨረስሽው በ1999 ዓ.ም. ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ 1999 ተብሎ ይመጣል። ሬጅስትራሩ በፈረንጅ ያነበዋል። ያኔ አንቺ የ8 ዓመት ልጅ ነሽ። እንዲህ ያለ ወረቀት «አጠራጣሪ ነው» ተብሎ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ሲጽፍልሽ የፈረንጁን ዓመትም ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ ጠይቂ። የስምሽ አጻጻፍ ከፓስፖርትሽና ከግሪን ካርድሽ ጋር መግጠሙን ተመልከቺ። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም፣ አንዱ በ«ኢ» ሌላው በ«ኤ» ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ወራት ይበላሉ።

ጂኢዲን አትንኪ እያልኩሽ አይደለም። ለአንዳንድ ሰው ፈጣኑ እሱ ነው። አራት ፈተና አለው፦ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት። እያንዳንዱን ለብቻው በተለያየ ቀን መውሰድ ይቻላል። ማለፊያው 145 ነው፣ 165 ደግሞ ለኮሌጅ ዝግጁ የሚባልበት ነው። ሰዎቻችን ሒሳቡ አያስቸግረንም ብለው ይገባሉ። ቁጥሩ አያስቸግርም፣ እውነት ነው። የሚጥለው ጥያቄው የሚቀርብበት ታሪክ ነው። ስድስት መስመር አንብበሽ የሳሎን ምንጣፍ በስኩዌር ፉት ስንት ያወጣል የሚል ጥያቄ ነው የሚመጣው። ማኅበራዊ ጥናቱም የሚሸመደድ አይደለም፤ ግማሹ የአሜሪካ መንግሥት አሠራር ነው፣ ጽሑፍና ሠንጠረዥ አንብቦ መመለስ ነው። በአጭሩ አራቱም የንባብ ፈተናዎች ናቸው። በአማርኛ የሚሰጥ ጂኢዲ ደግሞ የለም። ንባቡ የሚያስቸግረው ሰው ሃይስኩል ፕላስ ይሻለዋል። ጥሩ አንባቢ ሆኖ ጊዜ ያጣ፣ ወይም ትራንስክሪፕቱን ማምጣት ጨርሶ ያልቻለ ሰው ጂኢዲውን ይውሰድ።

የገንዘቡን ነገር ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያወራው። «ዲፕሎማ ከሌለሽ ፋይናንሻል ኤይድ የለም» ይላሉ። በፈረንጅ ከ2012 እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ለአዲስ ተማሪ እውነት ነበር። አሁን ግን ኮሌጁ ብቁ የሆነ የሙያ መንገድ ፕሮግራም ካለው፣ አይቤስት ብዙ ጊዜ በዚህ ይገባል፣ ዲፕሎማ ሳይኖርሽም ፔል ግራንት የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ልታገኚ ትችያለሽ። አንድም የብቃት ፈተና ታልፊያለሽ፣ አለዚያ 6 የኮሌጅ ክሬዲት ትጨርሻለሽ። ያንን 6 ክሬዲት በፔል መክፈል አይቻልም፣ በሌላ ፈንድ ነው። አድቫይዘር ጋ ስትሄጂ «አቢሊቲ ቱ ቤኔፊት» ብለሽ በስሙ ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ የሚነግርሽ አታገኚም። ግሪን ካርድ ስላለሽ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነሽ። አሳይለም ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያሉ አንባቢዎች በፋፍሳ አያገኙም፤ ዋሺንግተን ውስጥ ከሆኑ ዋስፋ የሚባለውን የስቴቱን ማመልከቻ ይጠይቁ።

ፔል በ2025–26 ቢበዛ 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ግን ያልቃል። በዕድሜ ልክ የ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው ያለሽ። በየኳርተሩ ተመዝግበሽ እየጣልሽ ከወጣሽ ነርሲንግ ስትደርሺ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ስለዚህ በነፃ ወይም በ25 ዶላር መማር የምትችይውን በፔል አትማሪ። አጭር የሲኤንኤ ስልጠና ብቻውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለፔል አይበቃም። ለእሱ ሌላ መንገድ አለ። በሜዲኬርና በሜዲኬድ (በመንግሥት የጤና ሽፋን) የሚሠራ ነርሲንግ ሆም ለቀጠራት ወይም እቀጥርሻለሁ ላላት ሠልጣኝ የሲኤንኤ ትምህርት ማስከፈል በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። ራስሽ ከፍለሽ ተምረሽ በ12 ወር ውስጥ ከቀጠሩሽም ወጪሽ እንዲመለስልሽ ሕጉ ያዝዛል። አዳልት ፋሚሊ ሆም በዚህ አይገባም። ቤተሰብሽ ፉድ ስታምፕ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ ቢፌት የሚባለውን ቢሮ ጠይቂ፤ ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ያግዛል።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። ሲኤንኤ የነርስነት ግማሽ አይደለም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ስልጠና 75 ሰዓት ነው፣ ዋሺንግተን ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ በወራት የሚያልቅ ነገር ነው። የሆም ኬር ኤይድ ሰርተፍኬት ስላለሽ አጭር የመሸጋገሪያ ስልጠናም አለ፣ እሱን ጠይቂ። አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ) ለመሆን ግን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የኮሌጅ እንግሊዝኛ፣ ስታቲስቲክስ ከፊት አሉ። እነዚህን አይቤስት አይሸፍንልሽም፣ ሁለተኛ አስተማሪ አጠገብሽ አይቆምም። ማለፍ ብቻም አይበቃም፤ ወንበሩ ትንሽ፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ በውጤት ነው የሚመርጡት። አናቶሚን በ«ሲ» ማለፍ ብዙ ጊዜ ካለማለፍ አይሻልም። ስለዚህ ሌሊት እየሠራሽ ሦስት የሳይንስ ኮርስ በአንድ ኳርተር አትውሰጂ። አንድ አንድ ውሰጂ። ብዙ ጎበዝ እህቶች እዚህ ጋ ነው የወደቁት፣ በቋንቋ አይደለም፣ በእንቅልፍ።

በሐቀኝነት ስናሰላው፣ ከሥራና ከልጆች ጋር፣ አርኤን ለመሆን አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያስፈልግሻል። ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለው የነርስ ደረጃ) ያሳጥረዋል፣ የእሱ ዋና ፕሮግራም አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ ደሞዙም ከሲኤንኤ ብዙ ይሻላል። ዕድሜን ጠየቅሽኝ። ክፍሎቹ ውስጥ 34 ዓመት ልጅ ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ የሌሊት ሺፍትሽ ነው። የነርሲንግ የተግባር ልምምድ ማለዳ ነው የሚጀምረው። ከአሁኑ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሥራ የምትዞሪበትን መንገድ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት። ለልጆቹ መዋያ ስቴቱ የሚደጉምበት ፕሮግራም አለ፣ ገቢያችሁ ከፈቀደ አመልክቱ።

ሌላ ስቴት ሆነው ይሄን ለሚያነቡ፦ አይቤስትና ሃይስኩል ፕላስ የዋሺንግተን ናቸው። አሠራሩ ግን በሌሎችም ስቴቶች በተለያየ ስም አለ። ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ጂኢዲ ያለፈ ሰው የሚሰጠው ራሱ ዲፕሎማ ነው። አገር ቤት 12ኛን የጨረሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ጂኢዲ አትውሰዱ። ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግማችሁ በቀጥታ ኮሌጅ ግቡ። ዲፕሎማ እያለው «ለማንኛውም» ብሎ አንድ ዓመት ጂኢዲ ሲማር የከረመ ሰው በየዓመቱ ይገጥመኛል።

ለአንቺ የምመክርሽ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሃይስኩል ፕላስና አይቤስት፣ ሁለቱንም በአንድ ኮሌጅ፣ አንድ ላይ። በመጪው ኳርተር። የመጀመሪያው ሰርተፍኬት ሲኤንኤ ይሁን፣ እየሠራሽበት ዲፕሎማውን ጨርሺ፣ ከዚያ ሳይንሶቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ኤልፒኤን። አርኤኑን ያኔ ደመወዝ እያገኘሽ ትወስኛለሽ። ኮሌጁ ስትሄጂ ኢኤስኤል ዴስክ ብቻ አትቁሚ፣ የሚሰጡሽ የሚቀጥለውን ኢኤስኤል ነው። የአይቤስት አድቫይዘሯን በስም ጠይቀሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ያለሽን ሰርተፍኬትና የሥራ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ።

ትራንስክሪፕቱን ግን ኮሌጁን ሳትጠብቂ ዛሬ ለቤተሰብ ደውለሽ አስጀምሪ። ትምህርት ቤቱ ያለ ውክልና ለሌላ ሰው አልሰጥም ሊል ይችላል፣ ውክልናውም ጊዜ ይፈጃል። ከሁሉም የሚዘገየው እሱ ነው።